ማሰሪያውን የፈታሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ስድቤን፣ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ በዓይኔ የተመኘሁትን ሳይቀር እዘከዝክና ይህችን አንዷን ውጬ፣ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የማታልለው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ሽማግሌውን ቄስ? እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የማታውቁኝ ሰዎች ናችሁ፤ እንግዲህ እናንተ ፊት ልንበርከክ። እንዳታዝኑልኝ ብቻ።

ደረጀን የገደልኩት እኔ ነኝ። እግሩን የቆረጠው ብረት ነው፤ እሱን የገደልኩት ግን እኔ ነኝ። ገድዬውም አላበቃሁም፤ ሞቱን በራሱ ላይ አላከክሁበት።

ያኔ የኢራቅ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ የአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ወታደር ነበርኩ። ከሰኞ እስከ አርብ ሲያትል አጠገብ ቡሪየን በምትባል ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ፤ በወር አንዴ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ዩኒፎርም ለብሼ ከሲያትል ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን አሳልፋለሁ። ማዕረጌ ሳጅን ነው። የከባድ መኪና ጥገናውን እመራለሁ፣ የሥራ ደህንነቱ በእኔ እጅ ነው፣ የመጀመሪያ እርዳታ የማስተምረውም እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር «ዛሬ ሰው በምን ሊጎዳ ይችላል? እንዳይጎዳስ ምን አድርገናል?» የሚል ፎርም አለ፤ እሱን ሞልቼ የምፈርመው እኔ። ይታያችሁ፣ ሰው እንዳይሞት ተብሎ የተቀመጥኩ ሰው ነበርኩ።

ሳስተምር ክፉ ነበርኩ። ኢራቅ አንድ ዓመት ቆይቼ መጥቻለሁ፣ ደም ሲፈስ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለማንም ፊት አልሰጥም። ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው ስለ ደም ማቆሚያው ማሰሪያ ነው፤ እነሱ ቱርኒኬት የሚሉት። ሰፊ ጠፍር ነው። ከቁስሉ በላይ ጭን ላይ ይጠልቅና በላዩ ያለችውን አጭር ዘንግ ስታሽከረክሯት ደሙ ቀጥ እስኪል ሥጋውን ያንቀዋል። ሕመሙ ከቁስሉ ይብሳል። የታሰረው ሰው ይሰድባችኋል፣ ያለቅሳል፣ ይለምናችኋል። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ አንዴ ከታሰረ ከሐኪም በቀር ማንም አያላላውም። እኔ ራሴ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ቁስለኛ እሆንና እጮህባቸዋለሁ፣ እራገጣለሁ፣ የአንዱን እጅ እንዲያውም ነክሼዋለሁ። የአንዳቸው እጅ ላላ ካለ ብድግ ብዬ ሄልሜቱን በጥፊ አጮለውና «ገደልከው! አሁን የያዝከው ሬሳ ነው!» ብዬ እደነፋለሁ። ሁለት ሰው አስለቅሻለሁ። ድንቄም አስተማሪ! በእንግሊዝኛ ለሚለምን ሰው ልቤ ድንጋይ ነበር።

ደረጀ ከፊት ተቀምጦ ይስቅብኝ ነበር። በግቢው ውስጥ ሐበሻ እኔና እሱ ብቻ ነን። በሥራ ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ትንሽ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሚስቱ ከሰናይት ጋር ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ እሷ ልብስ ትሰፋለች። ጦሩ ውስጥ እንዲገባ የወተወትኩት እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ስለምበልጠው ሌሎቹ ሳጅን ሲሉኝ እሱ ጋሼ ነው የሚለኝ። ጨዋታ አዋቂ ነው። «ጋሼ፣ አንተ ስትጮህ እኮ አንጀት ትበላለህ፣ አንድ ቀን የምር ብትቆስል ማንም አያምንህም» ይለኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ።

ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ተቀይሮ ነፋስ መሞላት ነበረበት። እነዚያ ጎማዎች ዙሪያቸውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አላቸው፤ ቀለበቱ ቦታውን በደንብ ካልያዘ ነፋሱ ሲበረታ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ያገኘውን ይቆርጣል። ለዚህ ነው ጎማው በወፍራም የብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ የሚሞላው። ጠዋት ፎርሙ ላይ «በፍርግርግ ውስጥ ይሞላል» ብዬ ፈርሜያለሁ። ፍርግርጉ ግን ከግቢው ወዲያ ማዶ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ለማምጣት አራት ሰው ይፈልጋል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መኪናው ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይውጣ ተብሏል። «ተወው፣ እዚሁ ቀስ እያልክ ሙላው» አልኩት። ደረጀ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ፎርሙስ?» አለኝ። «የፈረምኩት እኔ፣ የምልህም እኔ!» ብዬ ጮህኩበት። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ እምቢ ይለኝ ነበር፤ አደገኛ ሥራ ሲታዘዙ እምቢ የማለት መብት እንዳላቸው ያስተማርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ግን ጋሼ ያለውን ሰው ደረጀ በምን አፉ እምቢ ይበል? ጎንበስ ብሎ መሙላት ጀመረ።

ፈነዳ። ጆሮዬ ተደፈነ፤ ለአፍታ ኢራቅ ያለሁ መሰለኝ። ቀለበቱ የደረጀን ግራ እግር መትቶ የቆርቆሮውን ግድግዳ ቀዶ ወጥቷል። ደረጀ ሦስት እርምጃ ያህል ተወርውሮ በጀርባው ወድቋል። ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ደቅቆ እግሩ በሱሪውና በትንሽ ሥጋ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደሙ ፈሰሰ ብል አይገልጸውም፤ በየልብ ምቱ ይረጭ ነበር። የመኪናው በር ላይ ተረጨ፣ ፊቴ ላይ ተረጨ፣ አፌ ውስጥ ገባ። ጨው ጨው ሲለኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አብረውን ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ማሰሪያውን ጭኑ ላይ አጥልቄ ዘንጉን አሽከረከርኩ፣ አሽከረከርኩ፣ ደሙ ቆመ። ዘንጉን መያዣው ውስጥ ቆለፍኩት። አንዱን «ናይን ዋን ዋን ደውል!» ብዬ ቢሮ ሰደድኩት፣ ሌላውን አምቡላንሱን ከበር ተቀብሎ እንዲያመጣ አስሮጥኩት። እስከዚህች ደቂቃ ያደረግኩት ሁሉ ትክክል ነበር። እዚህች ላይ እግዚአብሔር እጄን ሽባ ቢያደርገው ኖሮ ደረጀ ዛሬ በአንድ እግሩ እያነከሰ ይሰድበኝ ነበር።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ያኔ መለመን ጀመረ፣ በአማርኛ። «ጋሼ፣ እግሬ ሊሞትብኝ ነው፣ ላላ አድርግልኝ» አለ። አይሆንም አልኩት። «ጋሼ፣ በእናትህ!» አለ። ፊቴን አዞርኩ። ጮኸ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ጦር ሜዳም አልሰማሁም። ጥፍሮቹን ክንዴ ላይ ተከላቸው። «ልጄን ቆሜ ልቀፋት ጋሼ! በአንድ እግሬ ምን ነድቼ አሳድጋታለሁ? ትንሽ ብቻ፣ በድንግል ማርያም ይዤሃለሁ!» አለኝ። ሰናይት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በድንግል ማርያም ይዤሃለሁ። እኔ ያደግኩበት ቤት ይህ ስም ከተጠራ በኋላ እምቢ የሚባል ነገር የለም። አባቴ ሲገርፈኝ እናቴ በዚህ ስም ስትይዘው አለንጋውን ይጥላል፤ ያኔ ቁጣው ገና ፊቱ ላይ አለ፣ እጁ ግን አይነሳም። ተማሪዎቼን የማንንም ልመና አትስሙ እያልኩ ሳጮላቸው ይህን ልመና አንድም ቀን አላሰብኩትም። ግን ይህንንም ሰበብ አታድርጉልኝ! ድንግል ማርያም ፍታው አላለችኝም። እሱ ሕመም የያዘው ሰው ነው፣ ያገኘውን ይጠራል። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያወቅሁትን የጣልኩት እኔ፣ ዘንጉን ከመያዣው አውጥቼ ወደ ኋላ ያሽከረከርኩት እኔ። በእነዚህ በምጽፍባቸው ጣቶቼ። ሁለት ዙር።

«እፎይ» አለ። ፊቱ ፈታ አለ፣ ክንዴንም ለቀቀኝ። «እግዜር ይስጥህ ጋሼ» አለኝ። ሰማችሁ? አመሰገነኝ። ገዳዩን አመሰገነ፤ እኔም ደስ አለኝ። ያቺን ደስታ ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ደሙ ወዲያው ተመለሰ። እግሩ ትንሽ ደም ያግኝና መልሼ አጠብቃለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩት። ምን ያህል ቆየሁ? አንድ ደቂቃ? ሁለት? አላውቅም። የነቃሁት ወለሉ ላይ የተኛው ደም ሱሪዬን አልፎ ጉልበቴን ሲያሞቀው ነው። ላጠብቅ ስል ዘንጉ በደም አሟለጨኝ፣ ጠፍሩ ተጣጠፈ። ደረጀ ማዛጋት ጀመረ። ደም ያለቀበት ሰው እንደሚያዛጋ የማስተምረው እኔ ነኝ! በጥፊ መታሁት። «ንቃ! አንተ፣ ንቃ!» እያልኩ ደግሜ መታሁት፣ አፍንጫው እስኪደማ መታሁት። አምቡላንሱ ሲደርስ ማሰሪያው ጠብቆ ነበር፤ የሚቆም ደም ግን አልቀረም። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

የክፍሉ አዛዥ ሌተናንት ወለሉን አይቶ ደነገጠ። ደሙ በማሰሪያው ቆሞ እንደነበር ስልክ ሊደውል የሄደው ወታደር በዓይኑ አይቷል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀኝ። «ፋሻ ላመጣ ዞር ስል ራሱ ፈታው» አልኩት። ይኸው ነው። ሳልዘጋጅ፣ ሳላስብ፣ ከአፌ ሾልኮ ወጣ። እንዴት እንዲህ ይቀላል? የሰውዬው ደም ገና ጥርሴ ላይ ነበር እኮ! የለመነኝን ቃል እዚያ ግቢ ውስጥ ሌላ የሚሰማው ሰው ስላልነበረ ማንም ሊያስተባብለኝ አልቻለም።

የባሰውን ተንኮሌን ደግሞ ልንገራችሁ። በምርመራው ስለ ፍርግርጉ ሲጠይቁኝ ሳላንገራግር አመንኩ። ያለ ፍርግርግ ሙላ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሐሰት ፎርም የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማዕረጌን ገፈፉኝ፣ በኋላም ከጦሩ ወጣሁ። መርማሪው መኮንን ጥፋቱን እንዲህ የሚያምን ሰው አላጋጠመኝም ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አያችሁ ብልጠቴን? አንዱን እውነት ሰጥቼ ሌላውን ውሸት አስቀበልኩበት። ከዚያ በኋላ ማን ይጠርጥረኝ?

ለቅሶው ዋይት ሴንተር እነሰናይት ቤት ነበር። ንፍሮ እፍኜ ላይ እንደያዝኩ ሰናይት መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። «ጋሼ፣ አጠገቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ለምን ፈታው?» አለችኝ። ልቤ ተናገር፣ አሁን ተናገር ይለኝ ነበር። «ሕመሙ ነው ሰናይትዬ፣ የሚያደርገውን አላወቀም» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። እሱ በሞተበት ዕለት ጠዋት ሁለቱ ተጣልተው ነበር። ሰውነቷ ከብዷት ዛሬ አትሂድ ብትለው እምቢ ሲላት «ሂድ! እንደ ወጣህ ቅር!» ብላዋለች። «ፈልጎ ነው የፈታው። ቃሌን ይዞ ነው የቀረው» አለችና ደረቷን ትደቃ ጀመር። ሴቶቹ ተረባርበው እጇን ያዟት። እኔ ንፍሮዬን በላሁ።

ልጅቷ ተወለደች፣ ብሌን አለቻት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሰናይት ሚስቴን የክርስትና እናት አደረገቻት፤ «ጋሼ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያልተለዩት ሰው ናቸው» ብላ። አበልጆች ሆንን። እምቢ ማለት አልነበረብኝም? በምን ፊቴ ነው ያን ቤት የረገጥኩት? ሰናይት ከዚያ ወዲህ ቆርባ አታውቅም። ሌላው ሊቆርብ ሲሄድ እሷ ወደ በሩ ትሸሻለች። ካህናቱ ቢመክሯት፣ ቢቆጧትም «እኔ ነፍስ ያለብኝ ሰው ነኝ» ትላለች። ነፍስ ያለብኝ እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በአጠገቧ አልፌ ቆርቤያለሁ። ሦስት ጊዜ።

ይህ ነገር ውስጤ ተቀምጦ አውሬ አደረገኝ። ልጆቼን ያለ ጥፋታቸው ገርፌያለሁ። በር ሰብሬያለሁ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሜክሲኳዊ ባልደረባዬ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ ነፋስ ሲሞላ አየሁትና ዘልዬ በቡጢ መታሁት፤ ጥርሱ ወለቀ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፣ ተራ የቤት መኪና ጎማ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ሰውዬውም ራራልኝ፣ ጦርነት የነካው ነው ብሎ ተወኝ። ሁሉም ሰው የሚራራልኝ ለምንድን ነው? እኔ ለማን ራራሁ?

እንደዚህ እየኖርኩ ልሞት ነበር። ባለፈው ወር ግን ብሌን እናቷን አባቴ እንዴት ነው የሞተው ብላ አጥብቃ ጠየቀቻት። ሰናይት መዋሸት አትችልም፤ እውነት የመሰላትን ሁሉ ነገረቻት። እንደ ወጣህ ቅር ብዬው፣ እሱም ማሰሪያውን በገዛ እጁ ፈትቶ ቀረ አለቻት። ልጅቷ በእንግሊዝኛ አንቺ ነሽ የገደልሽው ብላት ልብሷን በቦርሳ ከትታ ማውንት ቤከር ሰፈር አክስቷ ቤት ገባች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰናይት ኮል ብታደርግላት አታነሳም፤ በሯ ድረስ ሄዳ ብትጠራት አልወጣችላትም። ሰናይት ጋራዡ ድረስ መጥታ፣ ቅባት በነካው እጄ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አበልጄ፣ እርስዎን ታከብራለች፣ ሶ እርስዎ ቢያናግሯት ትመለስልኝ ይሆናል። ባሌን በአፌ አጣሁት፣ ልጄን ግን አልችልም» አለችኝ። ሽማግሌ ሆነው ያስታርቁን ትለኛለች። ማንን? እኔ ነኝ እኮ መሃላቸው የቆምኩት!

ቅዳሜ ጠዋት ሱቋ ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ ሃያ ደቂቃ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ስገባ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «አናገሯት?» አለችኝ። ዓይኗ ተስፋ ነበረው። ቁጭ ሳልል፣ በቆምኩበት ነገርኳት። ማሰሪያውን የፈታሁት እኔ ነኝ አልኳት። ደረጀ አልነካውም፣ እንድፈታው ለመነኝ፣ ፈታሁት፣ ሞተ፣ ዋሸሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስነግራት አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

መቀስ ይዛ ነበር። ትወጋኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ብትወጋኝ ወድጄ ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። አንገቴን ይዛ ከግድግዳው ጋር አላተመችኝ፣ ፊቴን በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ የብረት ማስመሪያዋን አንስታ ትከሻዬን፣ ጆሮዬን፣ ራሴን ደበደበችው። ደሜ አንገቴ ላይ ወረደ። እጄን አላነሳሁም። ሲደክማት ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እያለከለከች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መሞት አልፈለገም?»

አልፈለገም አልኳት። ልጄን ቆሜ ልቀፋት ነው ያለኝ አልኳት።

ከዚያ ከኪሷ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። መልእክት ተዪ የሚለው ድምፅ መጣ። ሰናይት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችው። «ብሌንዬ፣ አባትሽ መኖር ፈልጎ ነበር።»

ስልኩን ዘጋች። ወደ እኔ ሳትዞር፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላኝ፣ «ውጣ» አለችኝ። ወጣሁ።

ሰኞ ለጦሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በመዝገቡ ላይ ያለው የእኔ ቃል ሐሰት ነው፣ ደረጀ ማሰሪያውን አልፈታም ብዬ ፈረምኩ። ዛሬ ማታ ለሚስቴ እነግራታለሁ፣ እሁድ ለንስሐ አባቴ። ብሌን ለእናቷ ትደውል አትደውል አላውቅም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ሰናይትን ይቅር በይኝ አላልኳትም። እንዴት ልበላት? አሥራ ሁለት ዓመቷን ከየት አምጥቼ ልመልስላት? እናንተም ብትሆኑ፣ እባካችሁ፣ ከእሷ ቀድማችሁ ይቅር እንዳትሉኝ።